በጣና ሰሜን ዳር ለዊንድሰርፊንግ የሚሆን ቦታ አመራረጥ

ከአዘዞ ተገንጥሎ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ጎርጎራ የሚወርደው መንገድ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚያልቀውም ጣና ዳር ነው። ለዊንድሰርፊንግ፣ ማለትም ሸራ በተተከለበት ቦርድ ላይ ቆሞ በነፋስ ውሃ ላይ ለመሄድ፣ ቦርድና ሸራ መኪና ላይ ጭኖ እዚህ የደረሰ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ማዕበሉ ነው፤ ነፋስ ካለ ወዲያው ዕቃውን ማውረድ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ገመድ ቢበጠስ፣ ነፋሱ ቢቆም ወይም ክንድ ቢዝል ውሃው የት ነው የሚያወጣኝ? ጥሩ ዳር ማለት በቀላሉ የሚገቡበት ብቻ አይደለም፤ ነገር ሲበላሽ የሚወጡበት ነው። ይህ ጽሑፍ የራሱን ዕቃ ይዞ ለሚመጣ፣ ሸራ አንስቶ ሄዶ መመለስ ለሚችል፣ ግን ገና በራሱ ሙሉ በሙሉ ለማይተማመን ሰው ነው።

ነፋሱ ከየት ይመጣል

በደረቁ ወራት የጣናን ነፋስ የሚያዘው ፀሐይ ነው። ቀን ላይ የደምቢያ ሜዳ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ሲነሳ ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ቦታውን ይይዛል። በሰሜኑ ዳር ይህ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከውሃ ወደ መሬት የሚነፍስ ነፋስ ይሆናል። ሌሊት መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጥና ከመሬት ወደ ውሃ ይነፍሳል። በሁለቱ መካከል፣ ረፋዱ ላይ፣ ውሃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል የሚረጋበት ጊዜ አለ። ከዚያ በደቡብ በኩል በውሃው ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይታያል፤ መስመሩ እየቀረበ ሲመጣ ነፋሱ እየደረሰ ነው። ጥርት ባለ ቀን ብርታቱ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይከስማል። ታንኳ ይዞ የሚሻገር ሰው ማለዳ የሚነሳው ይህን ስለሚያውቅ ነው። እሱ የሚሸሸው ሰዓት እኛ የምንፈልገው ሰዓት ነው።

ጀማሪን የሚያታልለው የማለዳው ነፋስ ነው። ጎርጎራ ላይ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ከመሬት ወደ ውሃ ለስለስ ብሎ ይነፍሳል፤ ዳሩ ላይ ማዕበል የለም፣ ውሃው ለመማር የተመቸ ይመስላል። ዳሩ የረጋው ግን ዛፉና ኮረብታው ስለከለለው ነው። 200 ሜትር ወጣ ሲሉ መከለያው ያልቅና ነፋሱ ይጠነክራል፤ የሚገፋውም ወደ መሃል ነው። ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከመሬት በሚነፍስ ነፋስ የተወሰደ ሰው ከፊቱ ያለው ያ ሁሉ ውሃ ነው። ነፋሱ ረፋዱ ላይ ሲሞት ደግሞ ያለ ነፋስ መሃል ላይ ይቀራል። አጃቢ የሞተር ጀልባ ከሌለ በማለዳው ነፋስ መውጣት የለባችሁም።

አቅጣጫን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ፊታችሁን ወደ ውሃው አድርጋችሁ ቁሙ። ነፋሱ ፊታችሁን ከመታ ከውሃ ወደ ዳር ነው፤ የሆነው ቢሆን ወደ መሬት ይመልሳችኋል፣ ነገር ግን መነሳት ያስቸግራል። ማጅራታችሁን ከመታ ወደ መሃል የሚወስድ ነው፤ ተዉት። አንዱን ጆሮአችሁን ከመታ ከዳሩ ጎን ለጎን የሚነፍስ ነው፤ ሄዶ ወደ ተነሱበት ለመመለስ ይህን የሚያህል የለም። ከሁሉ የሚሻለው በጆሮና በፊት መካከል፣ ጉንጭን የሚመታው ነው፤ ለመነሳትም ይመቻል፣ ነገር ሲበላሽም ቀስ አድርጎ ወደ ዳር ይመልሳል። ከዚህ በኋላ የፊት፣ የማጅራት፣ የጆሮ፣ የጉንጭ ነፋስ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ለብርታቱ መለኪያ መሣሪያ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ባይኖር የባሕር ዛፉን ቅጠል እዩ። ቅጠሉና ቀጫጭን ቅርንጫፉ ያለማቋረጥ ከተንቀሳቀሰ ነፋሱ ከ7 እስከ 10 ኖት ነው፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ላይ አቧራ ተነስቶ ውሃው ላይ ነጭ አረፋ በየቦታው ብቅ ብቅ ካለ ከ11 እስከ 16 ኖት ደርሷል። ትንንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ ከጀመሩ 17 አልፏል፤ ያኔ ጀማሪ ዳር ላይ ይቀመጣል።

ከፍታው ሸራውን ይለውጠዋል

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ያለው አየር በተመሳሳይ ሙቀት ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ሸራን በዚያው ልክ አሳንሶ ይገፋል። መለኪያው የሚያሳየው ፍጥነትን እንጂ ጉልበትን አይደለም። መለኪያው 15 ኖት ሲል ሸራው የሚሰማው 13 ኖት ተኩል ያህል ነው። በባሕር የለመደ ሰው መጀመሪያ የሚገረመው በዚህ ነው፤ ሸራውን በትክክል ወጥሮ፣ ነፋሱም እያለ፣ ቦርዱ አልነሳ ይለዋል።

ቦርዱ ውሃውን ለቆ መንሸራተት እንዲጀምር ስንት ካሬ ሜትር ሸራ እንደሚያስፈልግ የሚሰላበት የተለመደ ቀመር አለ፦ የሰውየውን ክብደት በኪሎ በ1.34 አባዝቶ በነፋሱ ኖት ማካፈል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ15 ኖት 6.7 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጣና ላይ ይህን በ0.8 አካፍሉት፤ ከ8 ካሬ ሜትር በላይ ይመጣል። መንሸራተቱ ገና ለማያሳስበው ጀማሪ ደግሞ ባሕር ላይ በቀላል ነፋስ 5 ካሬ ሜትር የሚበቃው ከሆነ እዚህ 6 ይያዝ። ቦርዱን በተመለከተ ከክብደታችሁ በላይ 100 ሊትር ያህል ትርፍ ያለው፣ ስፋቱም ከ75 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ይሁን። ጨው የሌለው ውሃ ከባሕር ውሃ 2.5 በመቶ ያህል ቀለል ስለሚል ቦርድ ትንሽ ጠለቅ ይላል፤ በ200 ሊትር ቦርድ ላይ ልዩነቱ አይሰማም።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ቦርዱ ላይ የአየር መተንፈሻ ብሎን አለ። ጎንደር ከተማ ከጣና 350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ቦርዱም በፀሐይ ግሎ መኪና ጣራ ላይ ነው የሚጓዘው፤ አውሮፕላን ከነበረበት ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ብሎኑ ተዘግቶ ከተጓዘ በውስጡ ያለው አየር ይነፋና ቆዳው ከአረፋው ይላቀቃል። ስለዚህ ለጉዞ ፈታ ይደረጋል፣ ውሃ ከመንካቱ በፊት ይጠብቃል። ክፍት ሆኖ ውሃ የገባ ቦርድ ውስጡ ያለው አረፋ ውሃ ይጠጣል፤ ክብደቱም መቼም ወደ ቀድሞው አይመለስም። መዝጊያውን ቁልፍ ሸራውን ከሚሸከመው ምሰሶ እግር ጋር እሰሩት፤ አንዱን ሳታነሱ ሌላውን ማንሳት አትችሉም።

ዳሩን በእንጨት መለካት

ሁለት ሜትር የሚሆን ቀርቀሃ ያዙ፤ 80 ሴንቲ ሜትርና 1 ሜትር ከ20 ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ጠቅልሉበት። ከሥሩ 45 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የኋላ ክንፍ የተተከለበት ቦርድ ያለ ሥጋት እንዲሄድ 80 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይፈልጋል፤ ከሆዱ ሰሌዳ የሚያወርድ የጀማሪ ቦርድ ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ 1 ሜትር ከ20 ይፈልጋል። ጫማችሁን አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ውሃው ግቡ፣ እርምጃችሁን ቁጠሩ። የመጀመሪያው ምልክት ከ20 እስከ 30 እርምጃ ውስጥ ከጠለቀ ዳሩ ጥሩ ነው። በ5 እርምጃ ሁለተኛው ምልክት ከጠለቀ ለለመደ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይሆንም፤ ወድቆ ቆሞ የሚያርፍበት የለውም። 100 እርምጃ ተሄዶ ውሃው ገና ጉልበት ላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ። እንዲህ ባለ ዳር ጉዳቱ የሚመጣው ሲመለሱ ነው፦ ነፋሱን ከኋላ ይዞ በፍጥነት ወደ ዳር የሚመጣ ሰው ክንፉ መሬት ሲይዝበት ቦርዱ ባለበት ይቆማል፤ ሰውየው ግን አይቆምም፣ በቦርዱ አፍንጫ በኩል ተወርውሮ ምሰሶው ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ያርፋል። የክንፉ መያዣ ሳጥንም የሚሰነጠቀው ያኔ ነው።

በየአሥር እርምጃው ቀርቀሃውን በመዳፍ ጫን አድርጉት። ከአንድ ስንዝር በላይ ከሰመጠ መሬቱ ጭቃ ነው፤ እግርም ይሰምጣል። ሸራ ይዞ ጭቃ ውስጥ እግሩ የተያዘ ሰው ነፋሱ ሲገፋው ቁርጭምጭሚቱ ይጠመዘዛል። ድንጋይ ካለም እወቁት፤ የጎርጎራ ዳር ጥቁር ድንጋይ ነው፣ በላዩ የሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር ይይዛል፣ ባዶ እግር አይሆንም። ከድንጋይና ከጭቃ አንዱን ምረጡ ብባል ድንጋዩን እመርጣለሁ፤ በጫማ ይቻላል፣ ማዕበል ስለሚያጥበውም ውሃው ንጹሕ ነው።

አንድ ጊዜ የለካችሁት ዳር ዓመቱን ሙሉ ያው አይደለም። የጣና ውሃ ክረምቱ ሲያበቃ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ200 ሜትር 1 ሜትር ብቻ በሚወርድ ዝርግ ዳር ላይ ይህ ልዩነት የውሃውን ጠርዝ በ300 ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። በጥቅምት ወር ቦርድ ያስነሳ ቦታ በግንቦት ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ይገኛል። ቀጥ ባለ ድንጋያማ ዳር ግን ያው ልዩነት ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላ ሰው ቃል አትሂዱ፤ የሚነግራችሁን ሰው በየትኛው ወር እንዳየው ጠይቁት።

ከጎርጎራ ግራና ቀኝ

ጎርጎራ ወደቡ አካባቢ ውሃው ቶሎ ይጠልቃል፣ መሬቱ ጠንካራ ነው፣ መኪናም እስከ ዳር ይደርሳል። ችግሩ የጀልባ መተላለፊያ መሆኑ ነው። ከጀልባ መቆሚያው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል 200 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ተነሱ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከተነሳችሁና ሸራው ከእጃችሁ ካመለጠ የሚወስዳችሁ ወደ መቆሚያው ምሰሶና ወደ ታሰሩት ጀልባዎች ነው። ሸራ መብራትም መለከትም የለውም፤ ለትልቅ ጀልባ ምንጊዜም እናንተ ራቁ።

ቀጥተኛ የደቡብ ነፋስ ሲሆን ወደቡ ላይ የፊት ነፋስ ነው። ከኋላ ያለው ኮረብታ ነፋሱን ስለሚያነሳው ዳሩን የሚነካው የመጨረሻው 30 ወይም 40 ሜትር ላይ ድንገት ይላላል። ሸራው የያዘው ጉልበት እንደጠፋ ወደ ኋላ ተደግፎ የነበረ ሰው በጀርባው ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ድንጋዩ ባለበት ጥልቀት ላይ ነው። ወደዚያ ሲደርሱ ቀድሞ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ ውሃው ወገብ ላይ ሳለ ወርዶ በእግር መጨረስ ነው።

በዚህ በኩል ዋናው ሀብት ወደ ውሃው ገባ ያሉት ልሳነ ምድሮች ናቸው። ከአሁኗ ጎርጎራ በስተ ምዕራብ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ግምብ ፍርስራሽ ያለበት ማርያም ግምብ እንዲህ ካሉት አንዱ ነው። ወደ ደቡብ የወጣ መሬት ሦስት ዳር አለው፤ ቀጥተኛው የደቡብ ነፋስ ጫፉ ላይ የፊት ነፋስ ቢሆን ጎንና ጎኑ ላይ የጆሮ ነፋስ ይሆናል። በምሥራቁ ጎን ቀኝ ጆሮን፣ በምዕራቡ ጎን ግራ ጆሮን ይመታል። ነፋሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘወር ካለ የምዕራቡ ጎን የጉንጭ ነፋስ ያገኛል፣ ምሥራቁ ግን የማጅራት ይሆንና መከለያ ውስጥ ይገባል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲዞር በተቃራኒው ነው። አንድ ቀን ውስጥ ነፋሱ ቢዞር እንኳ በእግር ጥቂት ደቂቃ ተጉዞ የሚሆነውን ጎን ማግኘት ይቻላል። ለዚህ ነው ካርታ ላይ ቀጥ ያለ ረጅም ዳር ከማየት ይልቅ የተቆራረጠውን ዳር የምመርጠው።

መከለያውን ግን አትናቁ። ቁመቱ 15 ሜትር የሆነ የዛፍ ረድፍ ከኋላው እስከ 150 ሜትር ድረስ ነፋሱን ይሰብራል፤ እስከ 300 ሜትርና ከዚያም በላይ የተመሰቃቀለ ነፋስ ይተዋል። አንዴ ባዶ፣ አንዴ በጥፊ የሚመታ ነፋስ ሲገጥማችሁ ጥፋቱ የእጃችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ላይ በኩል ምን እንደቆመ እዩ።

ስለ ማዕበሉም ልብ በሉ። ነፋስ በውሃ ላይ ረጅም መንገድ በሮጠ ቁጥር ማዕበሉ ያድጋል፤ የደቡብ ነፋስ ሰሜኑ ዳር ሲደርስ ሐይቁን በቁመቱ ተሻግሮ ነው። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ የሆነ ዝርግ ሐይቅ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚደራረብ ነው። ለጀማሪ ሚዛን የሚያሳጣው ይህ ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ክፍቱ ዳር ከከበደ በልሳነ ምድሮቹ መካከል ወዳሉት ወሽመጦች መግባት ይሻላል፤ ነፋሱ ቀነስ ቢልም ውሃው ይረጋል።

ከጎርጎራ በስተ ምሥራቅ፣ የድርማና የመገጭ ወንዞች ወደሚገቡበት፣ አልመክርም። የጎንደር ከተማን አቋርጠው የሚወርዱት ቀሃና አንገረብ ውሃቸውን ለመገጭ ይሰጣሉ፤ መገጭም የክረምቱን አፈር ሁሉ አምጥቶ እዚህ ይደፋዋል። ዳሩ ዝርግ፣ ጭቃ፣ ውሃውም ድፍርስ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ በታወቀበት በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ የታየው በመገጭ መግቢያ በኩል ነበር፤ እስካሁንም የሚያስቸግረው ሰሜን ምሥራቁን ዳር ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ፣ በእንፍራዝ ሜዳ አድርጎ እስከ ርብና ጉማራ መግቢያ ያለው የምሥራቅ ዳርም በአብዛኛው ረግረግና ደንገል ነው። የጉዛራን ግምብ ለማየት መሄድ ሌላ ነገር ነው፤ ቦርድ ይዞ መሄድ ግን ድካም ነው።

በምዕራብ በኩል እስከ ደልጊ ያለው ዳር ከምሥራቁ ይልቅ ጠጠርና ድንጋይ ይበዛዋል፤ እምቦጩም ያን ያህል አይደለም። ደልጊ ላይ ዳሩ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ የከሰዓቱ የሐይቅ ነፋስ ከምሥራቅ በኩል ይመጣል። ከምዕራብ የሚመጣ ሌላ ነፋስ ባለበት ቀን ሁለቱ ይጋጩና ነፋሱ ይቆራረጣል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ጎርጎራ ይሻላል። በየትኛውም በኩል ብትሄዱ የመንገዱን ሁኔታ አንድ ቀን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከመምሸቱ በፊትም ለመመለስ አስቡ።

በአካባቢው ማንዳባ መድኃኔዓለምን የመሰሉ ገዳማት አሉ። ሴት የማይገባባቸው ስላሉ፣ በዋና ልብስም ወደ ገዳም ዳር መቅረብ ነውር ስለሆነ፣ ነፋስ ካላስገደደ በቀር ዳራቸው ላይ አትውጡ።

እምቦጭ፣ መረብ፣ ጉማሬ፣ ቢልሃርዚያ

እምቦጭ በሌለበትም ነፋሱ የቆረሰው ቁራጭ እየተንሳፈፈ ይመጣል። ክንፍ ላይ ሲጠመጠም መጀመሪያ የሚታወቀው በእግር ነው፤ ቦርዱ ከባድ ይሆናል፣ ኋላው ወደ ጎን መሸሽ ይጀምራል፣ ሰው ግን ነፋሱ የቀነሰ ይመስለዋል። ሸራውን እያጠበቀ ይታገላል፣ ክንዱ ይዝላል። ምልክቱ ከኋላ የሚሰማ የሚያንዘፈዝፍ ነገር ነው። ፍጥነት ቀንሶ፣ ሸራውን ላላ አድርጎ፣ ክብደትን ወደ ፊት አሳልፎ ቦርዱን ትንሽ ወደ ኋላ እንዲንሸራተት ቢያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል። ካልፈታ ወርዶ በእጅ ነው። ወደ ኋላ በ45 ዲግሪ የተቀለበሰ ክንፍ ሣሩን ስለሚያንሸራትተው ለጣና ቀጥ ካለው ክንፍ እጅግ ይሻላል፤ አንድ ክንፍ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ይህን ግዙ።

የአሣ መረብ ምልክቱ በውሃው ላይ በረድፍ የሚንሳፈፍ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም የእንጨት ቁራጭ ነው። ሁለት ካያችሁ በመካከላቸው አትለፉ። ከያዛችሁ ሸራውን ጣሉ፣ ቦርዱን በጎኑ አጋድሙት፣ ክንፉን በመጣበት አቅጣጫ መልሳችሁ አውጡ። መረቡን አትቁረጡ። የአንድ ቤት እንጀራ ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት ዳር ያሉትን አሣ አጥማጆች "መረብ የት አለ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ይህ ሁሉ አይመጣም። ስለ ጉማሬውም የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል፤ ቀን ላይ ደንገል አጠገብና ወንዝ መግቢያ ባለ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ያርፋል። ስለዚህ ከ11 ሰዓት በኋላ ውሃ ውስጥ መቆየት አይገባም፤ ደንገሉንም በሰፊው ራቁት። በእሱና በውሃው መካከል መግባት ከሁሉ የከፋው ነው።

ቢልሃርዚያ በጣና ዙሪያ ያለ በሽታ ነው። ትሉ የሚራባው ሣር በበዛበት፣ በረጋና ጥልቀት በሌለው ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ቆዳ የሚፈልገውም ብርሃን በበረታበት ሰዓት፣ እኩለ ቀን ግድም ነው፤ እኛ ውሃ በምንገባበት ሰዓት ማለት ነው። ቆዳ ውስጥ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። ማዕበል የሚመታው ድንጋያማ ዳር እንደገና የሚመረጠው ለዚህም ነው። ረጅም ልብስና ጫማ አድርጉ፤ ሣር ውስጥ ቆማችሁ ገመድ አታስተካክሉ፤ ሥራውን ሁሉ ደረቅ መሬት ላይ ጨርሱ። ውሃው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። በማግስቱ መድኃኒት መዋጥ አይጠቅምም፤ ፕራዚኳንቴል ያልበሰለውን ትል አይገድልም።

ዕቃው፣ ከመውጣት በፊት

ሸራ የሚወጠረው ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች በመሳብ ነው። ምሰሶውን በኪሱ አስገብታችሁ የታችኛውን ገመድ ስትስቡ እጃችሁ እስኪታክት ድረስ ነው፤ የሸራው የላይኛው የኋላ ጠርዝ ረገብ ብሎ በጣት ሲነኩት መወዛወዝ አለበት። ብዙ ሰው ቀጥ ያለ ሸራ ያማረ መስሎት አላልቶ ይተወዋል። እንዲህ ያለ ሸራ ነፋሱ በጥፊ ሲመታው ጉልበቱን ወደ ላይ ስለማያስወጣው ወደ ፊት ይወረውራል። ቡሙ፣ ማለትም ሸራውን በእጅ የምትይዙበት አግዳሚ፣ ከትከሻ እስከ አገጭ ባለው ከፍታ ይሁን።

የምሰሶውን እግር መገጣጠሚያ በቅርብ እዩት። ቦርዱንና ሸራውን የሚያገናኘው ያ አውራ ጣት የሚያህል ጎማ ብቻ ነው። በእጃችሁ እስከ 90 ዲግሪ አጥፋችሁ በሁሉም በኩል አዙሩት፤ በሚለጠጠው በኩል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ከታየ አትውጡበት። የደጋ ፀሐይ ጎማ ያደርቃል፤ በየዓመቱ መለወጥ ከመሃል ሐይቅ በእጅ ቀዝፎ ከመመለስ ይረክሳል። ሁለት ሜትር ትርፍ ገመድ ወገባችሁ ላይ እሰሩ፤ ፊሽካና ላይፍ ጃኬት ግን ለድርድር አይቀርቡም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ነው። ዝርግ ውሃ ላይ ከአራት ሜትር በላይ የሆነ ምሰሶ ይዞ የቆመ ሰው ከአካባቢው ሁሉ ረጅሙ ነገር ነው። ብልጭታውንና ድምፁን በሴኮንድ ቁጠሩ፤ ሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ ውጡ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከዝናብ በፊት የሚመጣው ወጀብ አቅጣጫውን በአንድ ጊዜ ስለሚቀይር ጥቁር ደመናው ሲዘረጋ ዳር ላይ መሆን አለባችሁ።

ውሃ ላይ ነገር ከተበላሸ ቦርዱን አትልቀቁ። ምንም ቅርብ ቢመስል ዋኝቶ መሄድ የለም። ሸራውን ከቦርዱ ኋላ ላይ አጋድሙ፣ በሆዳችሁ ተኝታችሁ በሁለት እጅ ቅዘፉ፤ ከ300 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ይህ ይበቃል። ከዚያ ከራቀ ቡሙን ፈትታችሁ ሸራውን በምሰሶው ላይ ጠቅልሉትና በትርፉ ገመድ እሰሩት፤ ያልተጠቀለለ ሸራ ውሃ ውስጥ እንደ መልሕቅ ይይዛል። ነፋሱ ወደሚወስዳችሁ ዳር በሰያፍ ቅዘፉ እንጂ ከነፋሱ ጋር አትጋጩ። ጠዋት በቀርቀሃ ስትለኩ ከመነሻችሁ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ማየት ያለባችሁም ለዚህ ነው፤ ደክማችሁ የምትደርሱት እዚያ ነው፣ ደንገል ይሁን ድንጋይ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ።

ስትጨርሱ ቦርዱን ከመጫናችሁ በፊት ክንፉን ፈትታችሁ ሳጥኑን፣ የምሰሶውን ኪስና የጫማውን ሶል ፈትሹ። ሥር ያለው ትንሽ የእምቦጭ ቁራጭ ብቻውን ይበቅላል፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ያገኛችሁትን ውሃው ዳር አትጣሉት፤ ከውሃው ርቆ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ሸራውንና ገመዱን ቤት አስጥታችሁ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ሌላ ሐይቅ ይዛችሁት አትሂዱ።